በብርድ ልብስ የተጠቀለለው ታፔላ

ወንድሜ የኒዮን መብራት ሠራተኛ ነበር። ቀጭን የመስታወት ቱቦ በእሳት ያለሰልስና ጫፉ ላይ በተሰካ ላስቲክ ትንፋሹን እየሰጠ ፊደል ያደርገዋል። ካልነፉበት መስታወቱ ሲታጠፍ ይደፈናል። እኔ ታናሽ እህቱ ሽቦውን እዘረጋለሁ፤ በፊደልና በፊደል መካከል ያለውን ቱቦ ደግሞ ብርሃን እንዳያሳይ ጥቁር ቀለም እቀባዋለሁ። ወሰን ሰፈር፣ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ባለች ቤታችን ሃያ ምናምን ዓመት እንዲህ ኖርን። ኋላ ኤልኢዲ የሚሉት መጣና ሥራችን አሮጌ ታፔላ መጠገን ብቻ ሆነ። እኔ ያንን ደረቅ መብራት ሳየው ንድድ ይለኛል። እሱ ግን አንድም ቀን ክፉ አልተናገረውም፤ የሚሠሩት ልጆችም እንጀራቸው ነው ይል ነበር።

ላምበረት መናኸሪያ አጠገብ መኝታ የሚያከራዩ አንዲት እናት ቤታችን የመጡት ሐኪም ወንድሜን መንፋት በከለከለው በሁለተኛው ወር ነው። ሳንባው አልቆ ነበር። ሴትዮዋ የፈለጉት እሱ በወጣትነቱ የሠራላቸውን ታፔላ እንዲጠግንላቸው ነው፤ በቀይ «መኝታ» የሚል፣ መብራቱ ከጠፋ ዓመታት ያለፉት። ሰው ሁሉ ጣሉትና አዲስ ይስቀሉ ቢላቸው አሻፈረኝ ብለዋል። ከአውቶቡስ የወረደ መንገደኛ ሻንጣውን ተሸክሞ ቀና ሲል የሚያየው እሱን ነው አሉኝ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ፣ ወንድሜ ታሟል፣ ከእንግዲህ አይሠራም ብዬ ልሸኛቸው ስል እሱ ከውስጥ ሰማን። አምጡት አለ።

ያን ቀን ተጣላን። አንተ እኮ የሞትክ ዕለት እንኳ ተነስተህ ሣጥኔን እኔ ልለካ ትላለህ አልኩት። ሳቀብኝ፤ ሲስቅ ደግሞ ሳል ያዘው።

«መ» እና «ታ» ደህና ነበሩ፤ ጋዝ መሙላት ብቻ ነው የፈለጉት። «ኝ» ግን ተሰብራለች፣ እንደ አዲስ መታጠፍ አለባት፤ ከሦስቱ አስቸጋሪዋም እሷ ናት። ሁለት ጊዜ ይነፋና ዱካው ላይ ቁጭ ይላል። ይነሳል፣ ደግሞ ይነፋል። ሦስት ጊዜ ተበላሸችበት። ትከሻው ሲነሳና ሲወድቅ ላለማየት ጀርባዬን ሰጥቼው ሽቦ እልጥ ነበር። ልከለክለው እችል ነበር። አልከለከልኩትም፤ ምክንያቱም ከታመመ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ተነስቶ ጸጉሩን ሲያበጥር ያየሁት ያን ሰሞን ብቻ ነው።

አራተኛዋ ሆነች። አየሯን በፓምፕ አውጥቶ ጋዙን ሞላ፣ እኔም ጥቁሩን ቀለም ቀባሁ። አመሻሽ ላይ፣ የእንጦጦ ተራራ መጥቆር ሲጀምር፣ ግቢው ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አድርገን ለኮስናት። ተንቀጠቀጠችና ሦስቱም ፊደል ቀልቶ ቆመ። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ አያት።

«አንገቷ ትንሽ ዘምማለች» አለ።

ማንም አያየውም አልኩት።

«እኔ አየሁት እኮ። ይሁን፤ ያምራል። ቅዳሜ እንሰቅለዋለን። አንቺ መሰላሉ ላይ ትወጫለሽ፣ እኔ ከታች ሆኜ አዝሻለሁ።»

ማዘዝ መቼ አንሶህ ያውቃል አልኩት። ቱቦዎቹን በሁለት ብርድ ልብስ ጠቅልለን የእኔ አልጋ ላይ አጋደምናቸው፤ ከቤቱ ውስጥ ማንም የማይደርስበት ቦታ እሱ ነው። እኔ መሬት ተኛሁ። ለታፔላ አልጋዬን ለቅቄ መተኛቴ እሱን ሲያስቀው ሰነበተ።

ሐሙስ ጠዋት ቁርስ ይዤለት ስገባ ሞቷል።

በእኛ ሰፈር ሰው ሲሞት ቤት የባለቤቱ አይደለም። እኔን ሴቶች ይዘውኛል፤ ጎረቤቱ ገብቶ አልጋና ቁምሳጥን ያወጣል፣ ፍራሽ ያነጥፋል፣ የእድሩ ሰዎች ደጅ ድንኳን ይተክላሉ። አንድም ነገር አላየሁም። የኒዮን ቱቦ ደግሞ ክብደት የለውም። አልጋ ላይ የተጠቀለለ ብርድ ልብስ ያገኘ ሰው ምን ይጠረጥራል? ለልቅሶ ደራሽ መደገፊያ እንዲሆን ፍራሹ ላይ፣ ግድግዳው ሥር አስቀመጡት።

ከቀብር መልስ የላምበረቷ እናት መጡ። እያለቀሱ ገቡ፣ ሴቶቹ ተጠጋግተው ከጎኔ ቦታ ለቀቁላቸው። ተቀመጡና ወደ ኋላ ደገፍ አሉ። ድምፁ ጭራሮ ሲሰበር እንደሚሰማው ነው። በዚያ ሁሉ ልቅሶ መካከል ከእኔ በቀር የሰማ የለም። እሳቸው ግን ከጀርባቸው አንድ ነገር ታወቃቸው መሰለኝ፣ ወደ እኔ ዞር አሉ።

«ምን ላይ ተደገፍኩ ልጄ?»

ብርድ ልብሱን ያን ጊዜ አየሁት።

«ምንም አይደል እትዬ፤ ይደገፉ» አልኳቸው።

ተመቻችተው ተደገፉ። ደግሞ ተሰበረ። ጮኼ አለቀስኩ፤ ሴቶቹ ለወንድሜ መስሏቸው አቀፉኝ። ለእሱም ነበር።

ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ብቻዬን ፈታሁት። ከአውራ ጣቴ የሚበልጥ ስባሪ አላገኘሁም። «ኝ»ን ከሌሎቹ ለይቼ ልሰበስብ ሞከርኩ፤ አልተቻለኝም። ማንን ልቆጣ? ጎረቤቶቼ ሦስት ቀን ሥራቸውን ትተው አብረውኝ ተቀምጠዋል። ሆድ ይፍጀው ብዬ ስባሪውን በብርድ ልብሱ መልሼ ጠቀለልኩት።

ከአርባው በኋላ እኚያ እናት መጡ። የቸኮሉ እንዳይመስልባቸው ብዙ ሌላ ነገር አወሩ፣ ጤናዬን ጠየቁ፣ በመጨረሻ አንገታቸውን ደፍተው ስለ ታፔላው አነሱ። እውነቱን ልነግራቸው አስቤ ነበር። ግን ፊታቸውን ሳየው፣ እኔ ሰበርኩት ብለው እስኪሞቱ ሲጸጸቱ ታየኝ። አልቻልኩም።

ሳይጨርሰው ነው የሞተው አልኳቸው።

እንደ አዲስ አለቀሱ። ውሸቷ ከአፌ ስትወጣ ቀላል ነበረች። ምን እንዳደረግኩ የገባኝ ከሸኘኋቸው በኋላ ነው። የመጨረሻ ትንፋሹን የሰጠበትን ሥራ ከእጁ ነጠቅኩት።

በቀደም ወደ መገናኛ ልሄድ ላምበረት ታክሲ ስጠብቅ በራቸው ላይ ተቀምጠው አየኋቸው። ልጆቻቸው አዲስ የፕላስቲክ ታፔላ ሰቅለውላቸዋል። ከአንድ መንገደኛ ጋር እያወሩ ነበር፤ ስለ ድሮው ታፔላ፣ ስለ ሠሪው፣ ታሞ ሳለ እሺ እንዳላቸው። ሲያዩኝ በእጃቸው ጠሩኝ።

«እህቱ ይቻትና። ጎበዝ ነበር፣ ግን አልደረሰለትም። ሳይጨርሰው ነው የሞተው፤ አይደለም እንዴ ልጄ?»

መንገደኛው ወደ እኔ ዞሮ ጠበቀኝ።

«አዎ እትዬ» አልኩ። «ሳይጨርሰው።»