የጉሌድ እጅ

ባለፈው ሳምንት ጅግጅጋ ውስጥ በማስተምርበት ትምህርት ቤት አንድ ተማሪዬ ኳስ ሲያባርር ወድቆ ቁርጭምጭሚቱን ያዘ። ልጆቹ ከበቡት። ገሚሱ «ኤክስሬይ!» ገሚሱ «ወጌሻ!» ይላል። እሱ ግን ብድግ ብሎ እያነከሰ «ይኸው እራመዳለሁ!» አለ። ሳቄ መጣ።

እኔም የኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ እንዲሁ ብዬ ነበር። በማግስቱ ከደገሀቡር ቡድን ጋር የፍጻሜ ጨዋታ አለን። ደስታው እንቅልፍ ነስቶናል። ሻሂ የምንጠጣበት ቤት ባለቤት እንኳ የግመል ወተቱን እያበዛ «ጠጡ፣ ብቻ እንዳታሳፍሩን» ይለን ነበር። ታዲያ በመጨረሻው ልምምድ ዘልዬ ስወርድ እግሬ ታጠፈ። ካልሲዬን ሳወልቅ ቁርጭምጭሚቴ ሎሚ አክሏል።

የልብ ጓደኛዬ ጉሌድ፣ በረኛችን ነው፣ በባጃጅ ክሊኒክ አደረሰኝ። ከጎንደር ተመድባ የመጣች ነርስ ተቀበለችን።

«ሲስተር፣ ወላሂ አልተሰበረም! ከበሩ እዚህ ድረስ በእግሩ ነው የመጣው» አላት።

«የሚራመድ ሁሉ አልተሰበረም ያለህ ማነው? አጥንቱን ስጫነው ካመመው ኤክስሬይ ይነሳል።»

ኤክስሬይ ለእኔ ፍጻሜው ቀረ ማለት ነው። ደግሞ በእኛ ሰፈር ጎረምሳ አያቃስትም፤ ካቃሰተ ቅጽል ስም ይወጣለታል። የጉሌድን እጅ ጨብጬ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። ነርሷ መጀመሪያ ያበጠውን ሥጋ ነካካች። ቀጥላ ጣቷን ወደ አጥንቱ ጀርባ አዙራ ጫን አደረገችው። ዓይኔ ጨለመ። ቢሆንም ፈገግ አልኩ።

«ምንም አይልም።»

«ወይኔ እጄን!» ብሎ ጮኸ ጉሌድ።

ነርሷ የእኔን ፊት ትታ የእሱን ጣቶች አየች። «ኤክስሬይ» አለች።

አጥንቱ ተሰንጥቆ ነበር። አለቀስኩ፤ ስብራቱ አይደለም ያስለቀሰኝ። በማግስቱ እግሬ በጀሶ ታስሮ፣ ሜዳው ዳር ባጃጅ ውስጥ አቧራ እየቃምኩ ስጮህ ዋልኩ። አንድ ለዜሮ እየመራን ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠብን። ጉሌድ ተወርውሮ እኔ በጨመቅሁት በዚያው እጁ ኳሷን ወደ ውጭ ገፋት! ጀሶዬን ረስቼ ልዘል ስል ሾፌሩ በሸሚዜ ጎትቶ አስቀረኝ።

ከዚያ ወዲህ የተጎዳ ሰው ፊት አላምንም። ፊት ይሸነግላል፤ እጅ ግን ምስጢር አይቋጥርም።

ተማሪዬን አስቀመጥኩትና ግራ እጄን ዘረጋሁለት።

«ያዘኝ።»

«ወላሂ ደህና ነኝ፣ ቲቸር» አለ እየሳቀ። አጥንቱን ከጀርባ ጫን አደረግሁት። ሳቁ ከፊቱ አልጠፋም።

በደህናው እጄ ባጃጅ ጠራሁ።