ወደ ፊት እንቢ ያለችው መኪና

ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ወልቂጤ ላይ የሆነ ነገር ነው። ዛሬ የልጅ ልጅ አይቻለሁ። ግን አሁንም መኪና ስትነሳ በሰማሁ ቁጥር ወደ ፊት መሄዷን ሳላይ ዓይኔን አልነቅልም።

አባቴ ቀደም ብሎ ስለሞተ፣ እናቴ፣ እኔና የእናቴ ታናሽ ወንድም አጎቴ ተሰማ አንድ ቤት ነበርን። አጎቴን መካኒክነት ማንም አላስተማረውም። አዲስ አበባ የሹፌር ረዳት ሆኖ ሲሠራ እያየ ነው የለመደው። በሰፈራችን መፍቻ ያለው እሱ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን የጣሊያኑ ሹም ትንሽ አሮጌ መኪና በበሬ ተጎትታ ደጃችን ቆመች። ሹፌሩ ዘይት ሳይጨምር ነድቷት ሞተሯ ተሰንጥቋል። ሹሙ በአስተርጓሚ ተናገረ፦

«የዛሬ ስምንት ቀን እምድብር እሄድባታለሁ። ካልሄደች አሻጥር ሠርተሃል ማለት ነው፤ ታስረህ ትሄዳለህ።»

በዚያን ጊዜ ታስሮ ሄዶ የተመለሰ ሰው አናውቅም ነበር። እናቴ የያዘችውን እንስራ አስቀምጣ ወደ አጎቴ ተጠጋች።

አጎቴ ሞተሩን ፈትቶ አየውና ራሱን ነቀነቀ። ይህ በብየዳ የሚድን አልነበረም። መለዋወጫ ደግሞ ከየት ይምጣ? በመጨረሻ ትዝ ያሉት የቡታጅራው ነጋዴ ሐጂ ሸምሱ ናቸው። ወልቂጤ ባለው መጋዘናቸው ከጦርነቱ በፊት የገዙት የውሃ መሳቢያ ሞተር ነበራቸው። የሌላ አገር፣ የሌላ ፋብሪካ ሥራ ነው። ሐጂ ነገሩን ሲሰሙ አላቅማሙም።

«ውሰደው ልጄ፣ አላህ ይርዳህ። እዚህ ተቀምጦ ዝገት ከሚበላው አንተን ያውጣህ።»

የተሰነጠቀውን ሞተር አውጥቶ ሌላውን ማግባት የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ጎረቤቱ ለቤት ምሰሶ ማቆሚያ እንደሚጠራራው ተጠራርቶ መጣ። ከደጃችን ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ወፍራም የቃጫ ገመድ አሰሩና «እንዲያ! እንዲያ!» እየተባባሉ ሳቡ። እናቴ ቆጮና ጎመን አቀረበች። የሞተሩ የብሎን ቀዳዳና የመኪናዋ ቀዳዳ ግን አልገጠመም። አጎቴ አንጥረኛ ዘንድ ሄዶ መሃል የሚገባ ብረት አስቀጠቀጠ። አምስት ቀን ሙሉ ሲሞርድ፣ ሲበሳ፣ ሲያስር ከረመ።

ቀጠሮው ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው የማስነሻውን ብረት አስገብቶ አዞረ። ወደ ቀኝ ቢል አልሆነም። ወደ ግራ ሲያዞረው ግን ሞተሩ ጮኸ። ሰፈሩ በእልልታ ቀለጠ። አጎቴ ደስታው አሳውሮት ለምን ወደ ግራ እንደዞረ ልብ አላለም። ገባና አንደኛ ማርሽ አስገባ። ዓይኑ ፊት ለፊት ነው። መኪናዋ ግን ወደ ኋላ ተፈተለከችና የእናቴን የእንሰት ጓሮ ጥሳ ገባች!

ሁለተኛ ማርሽ ሞከረ፣ የባሰ ወደ ኋላ ሮጠች። የኋላ ማርሹን ሲያስገባ ደግሞ ወደ ፊት እንደ ኤሊ ተሳበች።

«ተሰማ፣ የረሳኸው ዕቃ አለ እንዴ? ምነው ተመለስክ!» አለ አንዱ።

«ኧረ ተዉት፣ መኪናዋ ናት ጣሊያኑን አላይም ያለችው!» አሉ ሐጂ ሸምሱ። ሁሉም ሳቀ። የአጎቴን ፊት ሲያዩ ግን ሳቁ ወዲያው ሞተ። ሞተሩ በተቃራኒ የሚዞር ዓይነት ኖሯል።

አጎቴ ቤት ገብቶ ጂባው፣ የእንሰት ቃጫ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። «እትዬ፣ ቸሃ አገር ልግባና ልደበቅ?»

«እኛንስ? ቤቱን በላያችን ያቃጥሉታል» አለች እናቴ። ሲጨንቃት እጇ ሥራ አይፈታም፤ እንዝርቷን አንስታ ትፈትል ጀመር። እኔ እግሯ ሥር በጀርባዬ ተጋድሜ እንዝርቱን ከታች ወደ ላይ አየው ነበር።

«እማዬ፣ እንዝርትሽም ወደ ግራ ነው የሚዞረው» አልኳት።

«ወደ ቀኝ ነው፣ ዝም በይ።»

«ወደ ግራ ነው! ነይ ከዚህ እዪው።»

«አንቺ ልጅ፣ ሰው በጭንቅ እያለ...» ብላ እጇን ስታነሳ አጎቴ ብድግ አለ። እንዝርቱን ከእጇ ነጥቆ አዞረውና ከላይ አየው። ጎንበስ ብሎ ከታች አየው፤ ያው ዙር ተገልብጦ ወደ ግራ ሆነ። ከዚያ እየሮጠ ወጣ።

የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረውን ዲፍረንሻል ፈትቶ፣ ታቹን ወደ ላይ ገልብጦ መልሶ አሰረው። ሞተሩ እንደፈለገ ይዙር፣ ጎማው ግን ወደ ፊት ይሄዳል ማለት ነው። የመጨረሻውን ብሎን ሲያጠብቅ ነግቶ ሹሙ ደርሶ ነበር። ለመሞከር እንኳ ጊዜ አልነበረም።

ሹሙ ሞተሩን ከፍቶ አየ። የሌላ ፋብሪካ ስም ተጽፎበታል። እኔ የእናቴን ቀሚስ ይዤ ነበር።

«ይህ ምንድን ነው?» አስባለ በአስተርጓሚው።

«የውሃ መሳቢያ ነው፣ ጌታዬ።»

«ውሃ ይስባል ወይስ ሰው ይወስዳል?»

አጎቴ አስነሳና ማርሽ አስገባ። መኪናዋ ወደ ፊት ሄደች። ሹሙ ከጎኑ ገባና የእምድብርን መንገድ ያዙ። እናቴ መሬት ላይ ዝርፍጥ ብላ አለቀሰች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አጎቴ ብቻውን፣ በእግሩ መጣ። ሹሙ እምድብር ሲደርስ ትከሻውን መታ አድርጎ ለቆታል። አጎቴ የእናቴን ጉልበት ሳመ። እሷም «እንዲህ ነው የምታስጨንቀኝ!» ብላ በጥፊ ልትለው ቃጣችና አንገቱን አቀፈችው። ያን ጊዜ ከደረቴ የወረደልኝ ሸክም ዛሬም ሳስበው በረጅሙ ያስተነፍሰኛል። ተምረን አልነበረም የዳንነው። የማያውቀውን የሚሞክር አጎት፣ ዕቃውን የማይሰስት ጎረቤት አገኘን፤ ለዚህ አምላኬን አመሰግናለሁ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ አጎቴ ወልቂጤ ላይ ትንሽ ጋራዥ ከፈተ። በመጀመሪያው ሳምንት ከሥራ ቱታዎቹ አንዱን ወደ ልብስ ሰፊ ወሰደና በእኔ ልክ አስጠበበው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ መፍቻ የማቀብለው እኔ ሆንኩ።