ሬሳውን ያየ አለ?

ነፃነት በመጣበት ዓመት፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ጥራቮሎ በሚባለው ሰፈር፣ በአጎቴ ሳሎን አራት ነበርን፤ እሳቸው፣ ባለቤታቸው አደይ ለተብርሃን፣ ጎረቤታችን ሃብቶም እና እኔ። አጎቴ ከወጣትነታቸው ጀምሮ የሚከታተሉትን የጠፈር ፊልም አዲስ ክፍል በቪዲዮ እያየን ነበር። የጠፈር መርከቡ አዛዥ ሲሞት ሃብቶም «አለቀለት» አለ።

«ሬሳውን ያየ አለ?» አሉ አጎቴ።

«አንተ ሰው፣ መርከቡ ሲቃጠል እያየህ?» ብለው አደይ ለተብርሃን ሳቁ።

«ባለፈውም ሞተ ብለውን ተመልሷል። እነዚህን ፊልም ሠሪዎች አላምናቸውም።»

ከዚያ በኋላ አጎቴ ሲያርፉ ለሥራ ምጽዋ ነበርኩ፤ ስደርስ ቀብሩ አልቋል። ከቴሌቪዥኑ ፊት ወንበራቸው ባዶውን ቆሟል። ሁሉም ሞቱ ይለኛል፤ እኔ ግን እጠራጠራለሁ። ሲገነዙ አጠገባቸው የነበራችሁ፣ ያያችሁትን ሳታስቀሩ ንገሩኝ፤ ዓይናቸው ተከድኖ ነበር?