«ሸጦታል» ያለው ማን ነው?

ትናንት አንድ ወጣት የሥራ ባልደረባዬ ደወለልኝ። የብራና መጻሕፍትንና በመስቀል፣ በደወል ላይ የተቀረጹ ጽሑፎችን ምልክት እየሰጠን ወደ ኮምፒውተር የምናስገባበት ደንብ እየተሻሻለ ነው። ከእንግዲህ ስለ እያንዳንዱ መጽሐፍ የተባለውን ነገር ማን እንዳለው፣ ምን ያህልም እርግጠኛ እንደሆነ መመዝገብ አለበት።

«ጋሼ፣ አንድ የደቅ ደሴት ዳዊት አለ» አለኝ። «መዝገቡ ‹ጠፍቷል፤ ጠባቂው ሳይሸጠው አልቀረም› ይላል። ያለው ማን ነው?»

ከዚያ ሁሉ መጽሐፍ ይህን ለምን መረጠ? ጥርጣሬ እንደ ሪህ ነው፤ አንዴ ከያዘ አይለቅም።

ሥራውን በጀመርሁ በመጀመሪያው መስከረም ነበር በጀልባ ደቅ የወረድሁት። ጣና ሞልቶ ዳር ዳሩን ያለውን ሣር ውጦታል። የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ጠባቂ መሪጌታ የተጠበሰ በቆሎ አቀረቡልኝና ዳዊቱን አወጡልኝ። አንድም ነገር አላለፈኝም፤ የተፋቀውን ፊደል፣ የሰጪውን ስም፣ መጨረሻው ቅጠል ላይ የደረቀችውን የጧፍ ጠብታ ሁሉ መዘገብሁ። ማንም በሚያነበው መዝገባችን ላይ የሚቀመጥበትንም ጻፍሁ፦ ዕቃ ቤት፣ ሦስተኛው ሣጥን። በጥንቃቄዬ ኮራሁ።

በጥር ስመለስ ሣጥኑ ባዶ ነው።

«የት ሄደ?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ» አሉ መሪጌታ፣ ወደ ሐይቁ እያዩ።

ቤታቸውን አየሁት፤ አዲስ ቆርቆሮ ለብሷል። ሌላ ምስክር አላስፈለገኝም። ባሕር ዳር እንደገባሁ ያችን ዓረፍተ ነገር ጻፍኋት። ወሬው ደቅ ለመድረስ ጀልባ አልጠበቀም፤ በሰንበቴ አጠገባቸው የሚቀመጥ ጠፋ።

በዐቢይ ጾም እሳቸው ራሳቸው እኔ ዘንድ መጡ። ሊረግሙኝ ነው ብዬ ፈራሁ። «ተከተለኝ» አሉኝ ብቻ። የት እንደወሰዱኝ እዚህም አልጽፍም፤ ማን እንደሚያነበው አላውቅም። አንድ ጨርቅ ፈቱ። ዳዊቱ ነው፤ የጧፏ ጠብታም በቦታዋ አለች።

«አንተ ጽፈህ በሄድህ በወሩ ሁለት ሰዎች መጡ» አሉ። «ሦስተኛውን ሣጥን ክፈቱልን አሉን። ሣጥኑን ማን ነገራቸው?»

መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። «ይቅር ይበሉኝ፤ አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ» አልሁ።

«ተወው። ሸጦታል ከተባለ ማን ይፈልገዋል?»

«ስምዎስ?»

«ስሜን እግዜር ያውቀዋል። ቆርቆሮውን ልጄ ናት የላከችልኝ፤ ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር።»

ሌባ እንደተባሉ ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ሰው ሲያንሾካሹክ እየሰማሁ አፌን ዘግቼ ቆምሁ።

«ጋሼ፣ እየሰሙኝ ነው?» አለ ልጁ።

«ያልሁት እኔ ነኝ። ስሜን ጻፍ።»

«እርግጠኝነቱስ? ከፍተኛ፣ መካከለኛ ወይስ ዝቅተኛ?»

«ዝቅተኛ።»

«መጽሐፉ የት እንዳለ ያውቃሉ እንዴ?»

«ጠፍቷል ብዬ ጽፌያለሁ እኮ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ለመሪጌታ የመለስሁላቸው አንዲት ቃል ብቻ ናት፦ «ዝቅተኛ»። ልጁ አላመነኝም፤ ከድምፁ ገብቶኛል። ይጠርጥረኝ። አሁን ተራው የእኔ ነው።