የአዛለች መልቀቂያ

አዛለች ሸክላ ሠሪ ናት፤ እናቷም እንደዚያው ነበሩ። በሶዶ ዙሪያ ከሸክላ ሠሪ ጋር አብሮ ማዕድ የሚቀርብ ገበሬ ጥቂት ነው። ስለዚህ በ2002 ዓ.ም. የድንጋይ ጠራቢዎች አለቃ የሆነው ጩማ፣ ገበያ መሀል ድረስ መጥቶ «እህቴ፣ ለማኅበራችን ሊቀመንበር ሁኚልን» ሲላት ጆሮዋን አላመነችም።

ነገሩ የገባት ዘግይቶ ነው። የከተማው የኮብልስቶን ሥራ ሲሰጥ ሴት የምትመራው ማኅበር ተጨማሪ ነጥብ ያገኛል፤ ሴትየዋ ከተገለሉት ወገን ከሆነች ደግሞ ሌላ ነጥብ ይጨመርለታል። ጩማ በአንድ ሰው ሁለቱንም አገኘ። የማኅበሩ ማህተም ግን ከኮቱ ኪስ ወጥቶ አያውቅም። እሷ የምትጠራው ለፊርማና ለእንግዳ ብቻ ነው። እንግዳ ሲመጣ ጩማ በእሷ ኩባያ ውኃ ይጠጣል፤ እንግዳው ሲሄድ ከድንጋዩ ክምር ጀርባ ሆኖ አፉን ይጉመጠመጣል።

በሦስተኛው ዓመት የሰፈሯ ሸክላ ሠሪ ሴቶች ተደራጅተው ለትምህርት ቤቶች የሸክላ ምድጃ እንዲያቀርቡ ተፈቀደላቸው። ለመመዝገብ አሥር ሰው ያስፈልጋል፤ ዘጠኝ ሆኑ። የቀሩት ወይ አግብተው ርቀዋል፣ ወይ ጭቃ ለመርገጥ ጉልበት ከድቷቸዋል። አሥረኛዋ አዛለች ናት። ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል፤ በሁለት ማኅበር አባል መሆን ደግሞ ክልክል ነው።

«ጩማ፣ መልቀቂያ ስጠኝ» አለችው።

«ምን ጎደለብሽ? ድንጋይ አላስፈለጥንሽ፣ ፀሐይ አልመታሽ!»

«ሸክላዬን ልሥራ ነው የምልህ።»

«አንቺ ከወጣሽ ሥራው ይነጠቃል። እነ እታፈራሁ በዚህ ድንጋይ ነው ልጅ የሚያሳድጉት። ሂጂና ንገሪያቸዋ! ‹ምድጃ ልሠራ ስለሆነ ጦማችሁን እደሩ› በያቸው።»

ከጠራቢዎቹ አንዷ እታፈራሁ መዶሻዋን ይዛ አጠገባቸው ቆማ ነበር። ፊቷን አዞረች።

ሐሙስ ጠዋት አዛለች ማኅበራት የሚመዘገቡበት ጽሕፈት ቤት ሄደች። መዝጋቢዋ ወይዘሮ ሳህሊቱ ደግ ሴት ናት፤ ወንበር ስባ አስቀመጠቻት።

«መልቀቅ መብትሽ ነው፣ አዛልዬ። ማመልከቻ ጻፊ፣ የማኅበሩን ማህተም አሳርፊበት፣ አለቀ።»

«ማህተሙ እኔ ጋ የለም፣ እትዬ።»

«ሊቀመንበሯ አንቺ አይደለሽ እንዴ?» ሳህሊቱ ብዕሯን አስቀመጠች። «ታዲያ ማን ጋ ነው?»

አዛለች እውነቱን ብትናገር ማኅበሩ በሐሰት የቆመ ነው ተብሎ ይሰረዛል፤ እነ እታፈራሁ ይበተናሉ። በየውሉ ግርጌ ያለው ፊርማም የጩማ አይደለም፣ የእሷ ነው። ያጭበረበረችን ሴት ደግሞ ማን ይመዘግባል?

«ቤት ረስቼው ነው» አለች።

«በይ ነገ ይዘሽው ነይ።»

ዓርብ በማለዳ ጩማን ለመነችው። «ዛሬ ከዞን የሚመጡ እንግዶች አሉብን» አላት። «እነሱ ይሂዱና አደርግልሻለሁ።» አመነችው፤ ባታምነውስ የት ትሄዳለች?

እንግዶቹ የመጡት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ዘጠኙ ሴቶች ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ሲጠብቋት፣ እሷ ቢጫ ቆብ ደፍታ ከድንጋዩ ፊት ቆማ ነበር። አንዱ እንግዳ «ለዞናችን ሴቶች አርአያ ናት!» ብሎ አስጨበጨበላት። ከዚያ ጩማ የሁለት ዓመት አዲስ ውል ዘረጋላትና የምትፈርምበትን ቦታ በጣቱ አሳያት።

አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። ጽሕፈት ቤቱ ተዘግቷል።

ፈረመች።