እናኑ ያልቀበረችው ልጅ

እናኑ አልወለደችም፤ ወንዴን ግን ያሳደገችው እሷ ናት። የወንድሟ የምናለ ሚስት በወሊድ ስትሞት ሕፃኑን በነጠላዋ ጠቅልላ ወስዳ በላም ወተት አሳደገችው። ወንዴ አድጎ ጎንደር ገባና ፒያሳ ባጃጅ ይነዳ ጀመር። ወደ ትውልድ ቀዬው ትክል ድንጋይ ሲመጣ ግን የሚያርፈው ከአባቱ ዘንድ ሳይሆን ከእናኑ ቤት ነው።

አንድ ቅዳሜ መጥቶ እራቱን በልቶ ተኛ። ሲነጋ ራሱን ፈለጠው፤ ሰውነቱ ነደደ፤ አንገቱ እንደ እንጨት ደረቀ። እናኑ ራሱን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ከምናለ ጋር በመኪና ጎንደር አደረሱት። ሐኪም ቤቱ በር ላይ ነፍሱ ወጣች።

ምናለ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ምን አበላሽው?" አላት።

"ምነው አያ! እኔ?"

"ደህና የገባ ልጅ ከቤትሽ በሸክም ወጣ! ቀብሩ ላይ እንዳላይሽ!"

ተረኛዋ ሐኪም ሄለን ይህን ሰማች። ምናለን ለብቻው ጠርታ፣ "የገደለውን እንድናውቅ ከጀርባው በመርፌ ጥቂት ፈሳሽ ልውሰድ። ገላው አይቀደድም፤ ቀብሩም አይዘገይም" አለችው። መርዙ የሚገኝለት መስሎት እሺ አለ።

ወንዴ ሲቀበር እናኑ ቤቷን ዘግታ የደብሩን ደወል ሰማች። እህል አልቀመሰችም። አይዞሽ የሚላት ጎረቤትም አልመጣም።

ከሠልስቱ ማግሥት የቀበሌዋ ጤና ሠራተኛ ስንዱ ኪኒን ይዛ በሯን አንኳኳች።

"እትዬ እናኑ፣ ይህን አሁኑኑ ዋጪው። ከወንዴ የተወሰደው ፈሳሽ ተመርምሮ የማጅራት ገትር ተሐዋሲ ተገኝቶበታል። በትንፋሽ ይጋባል፤ አንቺ ደግሞ አቅፈሽው ነበር።"

"መርዝ አይደለም?"

"አይደለም። ለምናለም ሐኪሟ ራሷ ደውላ ነግራዋለች።"

እናኑ ኪኒኑን ዋጠች። ከዚያ ነው እንባዋ የመጣው።

ምናለ በማግሥቱ ድንጋይ ተሸክሞ መጣና ደጇ ላይ ተደፋ። "ማሪኝ" አላት። እናኑ ድንጋዩን ከጫንቃው አወረደችለት።

"ምሬሃለሁ አያ። ግን አፈር ሳላለብሰው ቀረሁ። ይህን ማን ይመልስልኛል?"

ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ፣ "የት እንዳስተኛችሁት አሳየኝ" አለችው።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሲደርሱ ምናለ በእጁ አመለከታትና ራቅ ብሎ ቆመ። እሷ ገና ባልጠነከረው አፈር ላይ ተንበርክካ፣ ወንዴን ሕፃን ሳለ በምትጠራበት ስም እየጠራች አለቀሰች።