አዴ ሞሚና እጇን ማንሳት ሲያቅታት

በጤና ረዳትነት ድሬዳዋ ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ ሲስተር አልማዝ የሙቀት መለኪያ፣ የደም ግፊት መለኪያና አንድ ጥቁር መዝገብ አስረከበችኝ። "ያየሽውን ጻፊ፤ ያልተጠየቅሽውን አትናገሪ" አለችኝ። ዘመኑ የደርግ ስለነበር ምክሩ ለሕክምና ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ።

በሁለተኛው ዓመት አዴ ሞሚና መጣች። መጋላ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የምትሸጥ፣ ሰው ሁሉ በአክብሮት አዴ የሚላት፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። ሴት ልጇ ደግፋ አስገባቻት። የዓይኖቿ ቆብ አብጦ ወይን ጠጅ መስሏል፤ የጣቶቿ አንጓ ቀልቷል። ሻሿን ለማሰር እንኳ እጇን ማንሳት አቅቷታል።

"ሥጋ ደዌ ነው እያሉ ደንበኞቼ ሸሹኝ" አለች።

ዶክተሩ ሥጋ ደዌ አለመሆኑን ነገራት። እኔን ግን ወደ ጎን ወስዶ፣ "የሰውነቷ መከላከያ የገዛ ጡንቻዋንና ቆዳዋን እያጠቃ ነው። ደርማቶማዮሳይቲስ ይባላል። በዚህ ዕድሜ ሲመጣ አንዳንዴ ከኋላው ካንሰር ይኖራል። ሰውነት ካንሰሩን ሲዋጋ ራሱንም ይመታል ይባላል። መላ አካሏን መፈተሽ አለብን" አለኝ።

የሁለቱን ዝምድና ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም ነበር።

አዴ ሞሚና ወንድ አይነካኝም አለች። ከመጋረጃው ጀርባ እኔ ገባሁ። አንገቷን፣ ብብቷን፣ ሆዷን ዳሰስኩ። ግራ ጡቷ ውስጥ የተምር ፍሬ የሚያህል፣ ጠንካራ፣ ከቦታው የማይነቃነቅ ነገር ጣቴን ገታው።

"ምን አገኘሽ?"

"እብጠት አለ። ዶክተሩ ያስረዳሻል" አልኳት።

"ፊትሽ አስረድቶኛል" አለች።

ዶክተሩ ካንሰር ሳይሆን አይቀርም፣ ተቆርጦ መውጣት አለበት አለ። ቀዶ ሕክምናው የሚደረገው አዲስ አበባ ነበር። ለመጓዝ ደግሞ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ወንድ ልጇ ወደ ጅቡቲ ሸሽቷል።

"ቀበሌ ከምሄድ እዚሁ ብሞት ይሻለኛል። ልጅሽ የት ነው ይሉኛል" አለችኝ።

ቀበሌ አብሬያት ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ የሐኪሙን ወረቀት አገላበጠ።

"ካልተመለሰችስ?" አለ።

"እኔ ዋስ እሆናለሁ" አልኩ። ፈረምኩ።

በባቡር ሄደች። ሰባት ሳምንት ሙሉ በራችን ላይ መኪና በቆመ ቁጥር እኔን ሊወስድ የመጣ ይመስለኝ ነበር። ሲስተር አልማዝ ስለ ፊርማው ሰምታ ሁለት ቀን አላነጋገረችኝም።

ተመለሰች። ግራ ጡቷ ተቆርጦ ወጥቷል። ከጥቂት ወራት በኋላ ጨርቁን ከላይኛው መደርደሪያ ራሷ ማውረድ ጀመረች። ሦስት ዓመት እንዲህ ሠራች።

ከዚያ አንድ ጠዋት የዓይኗ ዙሪያ እንደገና አብጦ ወይን ጠጅ መስሎ መጣች። "ተመልሷል አይደል?" አለችኝ። ከመጋረጃው ጀርባ አስገባኋት። አሁን ካንሰሩ የተገኘው ጉበቷ ላይ ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ ሞተች።

ይህ የጡንቻ በሽታ የያዘው ሰው ሁሉ ካንሰር የለበትም፤ አብዛኛው የለበትም። ነገር ግን አዋቂ ሰው በዚህ ምልክት ሲመጣ ክኒን ሰጥቶ መሸኘት አይበቃም። ልብሱን አስወልቆ መላ አካሉን መመርመር ያስፈልጋል።